ቤቱ የኔ፣ ወረቀቱ እሱ ጋ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱን መርጫለሁ። አራቱም ስለ ኪራይ ቤት አስተዳዳሪ ናቸው። አንዷ ልትቀይር የቆረጠች ባለቤት ናት። አንዱ ርካሽ አስተዳዳሪ የተገኘለት ባለቤት ነው። አንዷ ግራ የገባት ተከራይ ናት። የመጨረሻው ደግሞ ራሱ አስተዳዳሪ ነው። ለማታውቁኝ፣ ለ9 ዓመት የሰው ቤት ሳስተዳድር ኖሬአለሁ። አሁን የማከራየው አንድ ቤት አለኝ፤ የሚያስተዳድርልኝ ግን ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ነገሩን ወቃሽም ተወቃሽም ሆኜ አይቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሁለት የኪራይ ቤቶች አሉኝ። የምኖረው ከቤቶቹ ርቄ ስለሆነ ላለፉት 4 ዓመታት አንድ አስተዳዳሪ ይዞልኛል። ሲጀምር እንዴት ያለ ሰው ነበር መሰለሽ! ሳልጠይቀው ይደውላል፣ ፎቶ ይልካል፣ ኪራዩም ወር በገባ በ5ኛው ቀን እጄ ይገባል። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ሌላ ሰው ሆነብኝ። ኪራዩ አንዳንዴ በ15፣ አንዳንዴ በ20 ነው የሚደርሰኝ። ያውም ተቆራርጦ። ለምን ተቆረጠ ስለው «ጥገና» የሚል አንድ መስመር ይልክልኛል። ደረሰኝ ስጠይቀው ዛሬ ነገ ይላል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የአንደኛው ቤት ተከራይ ቁጥሬን ከየት እንዳገኘች እንጃ፣ ደወለችልኝ። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ማፍሰስ ከጀመረ 5 ሳምንት ሆኖታል፤ ከሥሩ ባልዲ ደቅኜ ነው የምኖረው አለችኝ። አፍሬ የምለው ጠፋኝ። አስተዳዳሪውን ልቀይረው ቆርጫለሁ፤ ግን እፈራለሁ። የተከራዮቹ ውል እሱ ጋ ነው። ያስያዙት ገንዘብ እሱ ጋ ነው። ትርፍ ቁልፉም እሱ ጋ ነው። ከእሱ ጋር የተፈራረምነውን ውል እንኳ የት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም። ተከራዮቼ ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ በዚህ ግርግር እንዲወጡብኝ አልፈልግም። ከየት ልጀምር?
— ባልዲው ያሳፈራት

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽ ውስጥ «እሱ ጋ ነው» የሚል ነገር 3 ጊዜ ተጽፏል። ሥራሽ ከዚያ ይጀምራል። ሰውየውን ማሰናበት ቀላል ነው፤ አንድ መልእክት ይበቃዋል። እሱ ጋ ያለውን ወደ አንቺ ማምጣት ግን ጊዜ ይፈልጋል። የሚቀለውም እሱ ገና ካንቺ ገንዘብ እያገኘ ሳለ ነው። በቃህ ከተባለ በኋላ ወረቀት ፈልጎ፣ ኮፒ አድርጎ፣ በሥርዓት አደራጅቶ የሚያስረክብ ሰው ብዙ አላየሁም። እኔም አንድ ጊዜ አላደረግኩትም። ታሪኩን ከታች ለመጨረሻው ጠያቂ እነግረዋለሁ።

ስለዚህ ዛሬ ማታ የስንብት ደብዳቤ እንዳትጽፊ። በምትኩ አጭር ጥያቄ ጻፊለት። በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን። እንዲህ ብትዪው ይበቃል፦ «የሁለቱን ቤቶች ሰነድ እያደራጀሁ ነው። የእኔንና የአንተን ውል፣ የሁለቱን ተከራዮች ውል፣ ሲገቡ የተሞላውን የርክክብ ቅጽና ፎቶ፣ ያስያዙትን ገንዘብ መጠንና የተቀመጠበትን የባንክ ሒሳብ፣ የ12 ወሩን ገቢና ወጪ ከነደረሰኙ በ10 ቀን ውስጥ ላክልኝ።» ተንኮል እንዳይመስልሽ። የራስሽን ወረቀት ነው የጠየቅሽው። ብትቀጥይም ብትለያዩም ያስፈልግሻል።

መልሱ ብዙ ነገር ይነግርሻል። በ3 ቀን አሟልቶ ከላከ ምናልባት ቤት በዝቶበት ነው እንጂ ክፉ ሰው አይደለም። ጥሩ አስተዳዳሪ ሲበላሽ ባየሁ ቁጥር ምክንያቱ በአብዛኛው ይኸው ነበር። በ10 ቤት ጊዜ እያንዳንዱን በር በስሙ ያውቀዋል። 80 ቤት ሲይዝ፣ ሠራተኛ ሳይጨምር፣ ደዋይ ሁሉ ጠላቱ ይሆናል። ግማሹን ልኮ ግማሹን ካስቀረ ግን ያስቀረው ምን እንደሆነ አስተውዪ። «ምነው፣ እምነት አጣሽብኝ?» የሚል ከመጣም መልሱን አገኘሽ። ደረሰኝ ሲጠየቅ ስለ እምነት የሚያወራ ሰው ደረሰኝ የለውም።

ደረሰኞቹ ሲመጡ አንድ ምሽት ስጪያቸው። ድምሩን ብቻ አትዪ። ቀኑን፣ የሠራውን ሰው፣ የተሠራውን ነገር ተመልከቺ። ሁሌ ድፍን ቁጥር ነው? ዕቃ፣ የእጅ ዋጋ፣ ትራንስፖርት ተደምሮ ሁልጊዜ ድፍን አይመጣም። አንድ ዓይነት ሥራ ይደጋገማል? እኔ የራሴን ቤት መጀመሪያ ለአንድ ሰው በሰጠሁ ጊዜ፣ በዓመቱ ሒሳብ ላይ «የውጭ በር ቁልፍ መቀየር» የሚል 3 ቦታ አገኘሁ። ተከራዩ አልተቀየረ፣ ሌባ አልገባ፤ ቤቱ ደግሞ የውጭ በሩ አንድ ነው። ደውዬ ተከራዩን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት፦ «በዚህ ዓመት ስንት ጊዜ አዲስ ቁልፍ ተሰጠህ?» «አንድም» አለኝ። አንቺም ባለባልዲዋን እንደዚህ ጠይቂያት። «አስተዳዳሪው እንዴት ነው?» ካልሻት የአንድ ሰዓት እሮሮ ነው የምትሰሚው። «በመጋቢት ቧንቧ ሊሠራ የመጣ ሰው ነበር?» ብትያት ግን አዎ ወይም አይ ትልሻለች።

አሁን ደግሞ ሳትቆጪኝ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስለ ቧንቧው ጽፎልሽ መልስ ሳትሰጪው ቀርተሽ ይሆን? መልእክቶችሽን ወደኋላ ሄደሽ እያቸው። ብዙ ጊዜ በውሉ ላይ የጥገና ወጪ ጣሪያ አለ። ከዚያ በታች የሆነውን አስተዳዳሪው ራሱ ያሠራል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ባለቤቱን ማስፈቀድ አለበት። ጣሪያው በጣም ዝቅ ካለ የአንዲት ላስቲክ ለውጥ እንኳ ያንቺን ፈቃድ ይጠብቃል። እኔ በዚያ በኩል ቆሜ አውቃለሁ። ባለቤቱ መልእክቴን አይቶ ዝም፣ ተከራዩ እኔን እየሰደበ፣ ውኃው እየፈሰሰ። ጥፋቱ ካንቺ ዘንድ ከሆነ አስተዳዳሪ ብትቀይሪም ባልዲው እዚያው ነው። ከአዲሱ ጋር ስትዋዋዪ ጣሪያውን ከፍ አድርጊው። ውኃ፣ መብራት፣ ጋዝ፣ የማይዘጋ በር ደግሞ ጭራሽ ፈቃድ አይጠበቅባቸውም ብለሽ አጽፊ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም መቀየሩ ካልቀረ ወደ ውሉ እንሂድ። የማቋረጫውን አንቀጽ ፈልጊ። በስንት ቀን ማስጠንቀቂያ ይላል? 30 ቀን አለ፣ 60 አለ፣ 90ም አይቻለሁ። ማንም ካልተናገረ በራሱ ለአንድ ዓመት ይታደሳል የሚል ካለ፣ የሚታደስበትን ቀን ቀን መቁጠሪያሽ ላይ አክብቢው። አንድ ሳምንት ብታሳልፊ ዓመት ልትታሰሪ ትችያለሽ። ከጊዜው በፊት ለማቋረጥ ቅጣት አለው ወይ? ደግሞ ብዙ ሰው ሳያነበው የሚፈርመው አንድ መስመር አለ፦ እሱ ያመጣው ተከራይ እስካለ ድረስ፣ አንቺ ከእሱ ጋር ብትለያዪም ኮሚሽኑ ይቀጥላል የሚል። ይህ ካለ ለሁለት ሰው ልትከፍዪ ነው ማለት ነው። ውሉን ለሕግ አዋቂ ማሳየት የሚያዋጣው እዚህ ላይ ነው። አገሩ ሁሉ ሕጉ አንድ አይደለምና እኔ ከዚህ አላልፍም።

ውክልና ሰጥተሽው ከሆነ ደግሞ ውል ማቋረጥና ውክልና መሻር ለየብቻ ናቸው። ውሉን አቋርጠሽ ውክልናውን ከረሳሽው ሰውየው በስምሽ መፈረሙን ሊቀጥል ይችላል። ሽረሽ፣ መሻርሽን ለእሱም ለባንክሽም በጽሑፍ አሳውቂ።

የተከራዮቹ ነገር ከምታስቢው ይልቅ ቀላል ነው። ውላቸው ላይ አከራይ ተብሎ የተጻፈው ስም የማን ነው? ያንቺ ከሆነ፣ ወይም እሱ «ስለ ቤቱ ባለቤት» ብሎ ፈርሞ ከሆነ፣ ውሉ ካንቺ ጋር ነው። አስተዳዳሪ ሲቀየር ውል አይፈርስም። ኪራይ አይጨምርም፤ አዲስ ማስያዣ አይጠየቅም፤ የቀረው ጊዜም እንደነበረ ይቀጥላል። ይህንኑ ጽፈሽ ስጫቸው። ሰው የሚወጣው አስተዳዳሪ ስለተቀየረ አይደለም፤ ምን እንደሚመጣ ሳያውቅ ሲቀር ነው።

የሚያስጨንቀው ማስያዣው ነው። ያ ገንዘብ የአስተዳዳሪው አይደለም። ያንቺም አይደለም። ተከራዩ ሲወጣ ጉዳት ካልተገኘ የሚመለስለት የራሱ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ከአስተዳዳሪው የሥራ ማስኬጃ ተለይቶ መቀመጥ አለበት። አጥፍቶት ከሆነ ግን ተከራይሽ ሲወጣ የሚጠይቀው አከራዩን ነው፤ ማለትም አንቺን። ለዚህ ነው በመጀመሪያው ደብዳቤሽ ላይ የባንክ ሒሳቡን እንድትጠይቂ ያልኩሽ። ሲተላለፍ ከባንክ ወደ ባንክ ይሁን፤ የየተከራዩ ስምና መጠን ይጻፍበት። «የቀረኝን ኮሚሽን ቀንሼ ልኬዋለሁ» ቢልሽ አትቀበይ። ኮሚሽኑን ካንቺ ይጠይቅ እንጂ ከተከራይ ገንዘብ ላይ አይቆርጥም።

የርክክቡን ቀን በጥንቃቄ ምረጪ። ኪራይ የሚከፈለው ወር በገባ በ1 ከሆነ ርክክቡን በ1 አታድርጊው። ግማሹ ለአሮጌው፣ ግማሹ ለአዲሱ ተከፍሎ ወር ሙሉ ስትፈልጊ ትከርሚያለሽ። በ10 ወይም በ15 አድርጊው። ያኔ የወሩ ኪራይ ገብቷል፤ አሮጌው ሒሳቡን ዘግቶ ያስረክባል፤ የሚቀጥለውን አዲሱ ይቀበላል። ከዚያ በፊት ለተከራዮቹ አንድ ደብዳቤ ይድረሳቸው። በእሱ ላይ የአንቺ፣ የአሮጌውና የአዲሱ ፊርማ ቢኖር ጥሩ ነው። አሮጌው አኩርፎ አልፈርምም ካለ ያንቺ ፊርማ ይበቃል።

በርክክቡ ዕለት ሁለቱም አስተዳዳሪዎች ቤቱ ውስጥ ይገኙ። ለተከራዮቹ አስቀድሞ ይነገራቸው። የውኃና የመብራት ቆጣሪ ንባብ በፎቶ ይያዝ። ግድግዳው፣ ወለሉ፣ የሚያፈሰው ቧንቧ ሳይቀር ይነሣ። ቁልፉ ቆጠራ ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ በየበሩ ገብቶ ይዙር። ርቀሽ ስላለሽ በቪዲዮ ተከታተዪ። አሰልቺ ነው፤ ግን አንድ ሰዓት አይሞላም።

አዲሱን ስትመርጪ ሁሉም ጥሩ ያወራል። ስለዚህ ወሬውን ተዪውና ለባለቤት የሚልከውን የወር ሒሳብ፣ ስሙን ሸፍኖ፣ እንዲያሳይሽ ጠይቂው። «ጥገና» የሚል አንድ መስመር ካየሽ ከምታውቂው ሰው ወንድም ጋር ነው የተገናኘሽው። ደንበኞቹን ላገናኝሽ ሲልሽ ደግሞ ጥለውት ከሄዱት አንዱን እንዲሰጥሽ ጠይቂው። ፊቱ ከተለዋወጠ አትቀየሚው። ስልክ ከሰጠሽ ግን እሱን ሰው ያዢው።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ቧንቧውን ግን አሁኑኑ አሠሪው፣ አስተዳዳሪ እስኪቀየር አትጠብቂ። 5 ሳምንት የፈሰሰ ውኃ ከሥሩ ያለውን እንጨት ሊያበሰብስ ይችላል።

ጥያቄ፦ አንድ የማከራየው ቤት አለኝ። አሁን ያለው አስተዳዳሪ ከኪራዩ 10 በመቶ ይወስዳል። በሥራው ቅሬታ የለኝም። ሰሞኑን ግን አንድ ሌላ ድርጅት በ7 በመቶ እንሠራልሃለን አለኝ። ባለቤቴ «ገንዘብ እየወረወርክ ነው» ትለኛለች። ልቀይር?
— 3 በመቶው ያነታረከው

መልስ፦ ወንድሜ፣ ባለቤትህ ትክክል ልትሆን ትችላለች፤ ግን በመቶኛው ብቻ አይታወቅም። እስቲ ኪራዩን በወር 100 ብለን እናስላ። በዓመት 1,200 ነው። የአሁኑ 120 ይወስዳል፤ አዲሱ 84። ልዩነቱ 36 ነው። እዚህ ድረስ እሷ አሸንፋለች።

አሁን አዲሱን «ተከራይ ስታመጡ ስንት ታስከፍላላችሁ?» በለው። የአሁኑ የወር ኪራይ ግማሽ፣ ማለትም 50 ይወስዳል እንበል። አዲሱ ሙሉ ወር፣ 100 ይወስዳል እንበል። ተከራይህ በየዓመቱ የሚቀያየር ከሆነ የአሁኑ 170፣ አዲሱ 184 ሆነ። ርካሹ ተወደደ። ተከራይህ 2 ዓመት የሚቆይ ከሆነ ደግሞ የአሁኑ 290፣ አዲሱ 268 ይሆናል። አሁን ባለቤትህ ተመልሳ አሸነፈች። ቆይ ግን። አዲሱ በእያንዳንዱ የጥገና ደረሰኝ ላይ 10 በመቶ ይጨምራል እንበል። በዓመት ለጥገና 150 ብታወጣ በ2 ዓመት 30 ጨመረብህ፤ 298 ገባ። ቁጥሮቹ የእኔ ምሳሌ ናቸው፤ አንተ የራስህን አስገባ። ውል ለማደስ፣ ቤቱን ለማየት ለመሄድ፣ ማስታወቂያ ለማውጣት የሚጠየቅ ካለም ደምረው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የምጠይቅህ ግን አንድ ነገር ነው። ውሉ ላይ ኮሚሽኑ የሚታሰበው መከፈል ከነበረበት ኪራይ ነው ወይስ ከተሰበሰበው? የቃሉ ልዩነት ትንሽ ይመስላል። ከተሰበሰበው ከሆነ ተከራይ ሳይከፍል ሲቀር፣ ቤቱም ባዶ ሲቆም፣ አስተዳዳሪውም ያጣል፤ ስለዚህ ይሯሯጣል። መከፈል ከነበረበት ከሆነ ግን አንተ ባዶ ቤት ይዘህ እሱ ደሞዙ አልቀረበትም። ቤትህ አንድ ወር ባዶ ቢቆም 100 አጣህ። የ3 በመቶው ቁጠባ ያንን ለመተካት 3 ዓመት ሊሞላ ምንም አይቀረው።

አሁን ያለው ሰው ባለፉት 4 ወይም 5 ዓመታት ቤቱን ስንት ወር ባዶ እንዳቆመብህ ቁጠርና ለባለቤትህ አሳያት። ወይም ደግሞ ለሰውየው ቀጥታ ንገረው፦ «7 በመቶ ተብያለሁ፤ ምን ትለኛለህ?» እኔ እንደዚህ ሲሉኝ አንዳንዴ እቀንስ ነበር። ክፉ ተከራይ ላለበት ቤት ግን ቀንሼ አላውቅም።

ጥያቄ፦ ተከራይ ነኝ። ትናንት ከማላውቀው ቁጥር መልእክት ደረሰኝ። «አስተዳዳሪ ተቀይሯል፤ ከዚህ ወር ጀምሮ ኪራይ በዚህ ሒሳብ አስገቢ» ይላል። የባለቤቱ ስም ትክክል ነው። የቤቱ አድራሻም ትክክል ነው። መክፈያዬ ከ4 ቀን በኋላ ነው። ምን ላድርግ?
— ሁለት ሒሳብ መሐል ያለች

መልስ፦ ለጊዜው ወደዚያ ሒሳብ አንድም ነገር አታስገቢ። ስምና አድራሻ ማወቅ ማስረጃ አይደለም፤ ውልሽን ወይም ፖስታሽን ያየ ሁሉ ያውቀዋል። በዚህ መንገድ ኪራያቸውን ለአጭበርባሪ የከፈሉ ሰዎች አሉ።

ውልሽን አውጪ። እዚያ ላይ ባለው ቁጥር ለአሮጌው አስተዳዳሪ ደውዪ። ከመልእክቱ ሥር ባለው ቁጥር እንዳትደውዪ፤ እሱማ «አዎ፣ እኛ ነን» ነው የሚልሽ። የባለቤቱ ስልክ ካለሽ ለእሱም ደውዪ። ከሁለት አንዱ «እውነት ነው» ካለሽ የባለቤቱ ፊርማ ያለበት ደብዳቤ ይላክልኝ በዪ። ያልተለመደ ጥያቄ አይደለም፤ ደህና አስተዳዳሪ ሳይጠየቅም ይልካል።

በ4 ቀን ውስጥ ማረጋገጫ ካልመጣ ኪራዩን አስቀምጪው፤ ሌላ ነገር እንዳትገዢበት። ለባለቤቱ ወይም ለአሮጌው አስተዳዳሪ «ኪራዩ ዝግጁ ነው፤ ለማን እንደምከፍል በጽሑፍ እንደተረጋገጠልኝ በዕለቱ አስገባለሁ» ብለሽ ከቀኑ በፊት ጻፊ። መልእክቱን አታጥፊው። በኋላ ዘግይተሻል የሚል ቢመጣ የሚያድንሽ እሱ ነው።

ነገሩ እውነት ሆኖ ከተገኘ ደግሞ አዲሱን አንድ ነገር ጠይቂው፦ «ማስያዣዬ አሁን ማን ጋ ነው?» መልሱ በጽሑፍ ይሁን። ስትገቢ ያነሣሽው ፎቶ ካለም ላኪለት። የግድግዳው ስንጥቅ ካንቺ በፊት እንደነበር አዲሱ ሰው የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ጥያቄ፦ አስተዳዳሪ ነኝ፤ ሥራውን ከጀመርኩ 3 ዓመቴ ነው። አንድ ባለቤት ቤቱን ከእኔ ወስዶ ለሌላ ሊሰጥ ነው። ማስጠንቀቂያውን በውሉ መሠረት ሰጥቶኛል። ችግሩ፣ ከራሴ ኪስ አውጥቼ ያሠራሁት የጣሪያ ጥገና አለ፤ እስካሁን አልከፈለኝም። ስደውል አያነሣም። የተከራዩ ማስያዣና ቁልፎቹ እኔ ጋ ናቸው። ገንዘቤን እስኪሰጠኝ ድረስ ብይዛቸው ያስነውራል?
— አንጀቴ ያረረ

መልስ፦ አንጀትህ ቢያርር አልፈርድብህም። ለሠራኸው ሥራ መለመን ያናድዳል። ማስያዣውን ግን አትንካው። ባለዕዳህ ባለቤቱ ነው፤ ገንዘቡ የተከራዩ ነው። ያልበደለህን ሰው ገንዘብ ይዘህ የበደለህን ልታስጨንቅ አትችልም። በዚያ ላይ በብዙ አገር የተከራይ ማስያዣን ለሌላ ነገር ማዋል ከባድ ጣጣ ያመጣል፤ ፈቃድ እስከማጣት ይደርሳል። አሁን እውነቱ አንተ ጋ ነው። ማስያዣውን ከያዝክ ግን ተገልብጦ ተከሳሹ አንተ ትሆናለህ።

የመጨረሻ ሒሳብ ሥራ። የገባው ኪራይ፣ የወጣው ወጪ፣ ያንተ ኮሚሽን፣ ጣሪያው ከነደረሰኙና ከፎቶው፣ የቀረህ ገንዘብ፣ የሚከፈልበት ቀን። ውልህ ከሰበሰብከው ኪራይ ላይ የጥገና ወጪን እንድትቆርጥ ይፈቅድልህ እንደሆነ እየው። ከፈቀደ ከመጨረሻው ወር ኪራይ ላይ በግልጽ ጽፈህ ቁረጥ። ካልፈቀደ ሒሳቡን ከደብዳቤ ጋር ላክለት፤ ካልከፈለ በሕግ ጠይቀው። ጣሪያውን ከማሠራትህ በፊት በጽሑፍ አስፈቅደኸው ነበር? ደብዳቤህ ላይ አልጠቀስከውም። ካስፈቀድከው ያቺን መልእክት በጥንቃቄ አስቀምጣት።

ቁልፉንም ስጥ። ይኸውልህ ከላይ ቃል የገባሁት ታሪክ። በሥራው በ5ኛ ወይም በ6ኛ ዓመቴ ገደማ አንድ ባለቤት 4 ቤቶቹን ከእኔ ወስዶ ለሌላ ሰው ሰጠ። አኮረፍኩ። ጥሩ ሠርቼለት ነበር፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ ነበር የማስበው። አዲሱ ሰው ሲመጣ ቁልፎቹን በአንድ ፌስታል ጠቅልዬ ሰጠሁት። 23 ነበሩ። ምልክት የሚባል ነገር የላቸውም። የትኛው የየትኛው እንደሆነ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ቁልፍ አልከለከልኩትማ! 23ቱንም ቆጥሮ ፈርሟል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በምሽት ደወለልኝ። ዝናብ ነው። ከአንዱ ቤት ተከራይ የሆኑ አሮጊት ሴትዮ ቁልፋቸውን ውስጥ ረስተው ውጭ ቀርተዋል። እሱ ፌስታሉን ይዞ በሩ ላይ ቆሞ አንድ በአንድ እየሞከረ ነው። ስልኩ ውስጥ የቁልፉ ኳኳታ ይሰማኛል፤ የሴትዮዋም ሳል ይሰማኛል። «የዚህኛው የትኛው ነው?» አለኝ እንጂ አንድ ክፉ ቃል አልተናገረኝም። «ጭንቅላቱ ላይ ትንሽ ቀይ ቀለም የነካው» አልኩት። ወዲያው ተከፈተ። ባለቤቱ በዚያች ሌሊት አልጋው ላይ ተኝቶ ነበር፤ ነገሩን እስከዛሬም አልሰማም። ዝናብ ያስመታሁት ሴትዮዋን ነው። እሳቸው ደግሞ አንድም ቀን ኪራይ አዘግይተውብኝ አያውቁም።

አንተ በየቁልፉ ላይ ወረቀት ለጥፈህ የቤቱን ቁጥርና የበሩን ስም ጽፈህ ስጥ። ስንት እንደሆኑ በሁለት ወረቀት ጻፉ፤ ሁለታችሁም ፈርሙ፤ አንዱ አንተ ጋ ይቅር። የቆጣሪ ሳጥኗን ትንሿን ቁልፍ አደራ፤ ሁልጊዜ የምትረሳው እሷ ናት።